የየኔታ ዝክር

ምስጢር ዳገቱ መሀል ላይ ደብተሯን ታቅፋ ቁጭ ብላ የተገኘችው ሰባተኛ ክፍል በገባች በሁለተኛው ሳምንት ነው። ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ «ደከመኝ እንጂ አላመመኝም» ትል ነበር። አንድ ጎረቤት አዝሎ ቤት አደረሳት። ዳኛው የሚባለው አባቷ ከእናቷ ጋር ሆኖ በማግሥቱ ሆስፒታል ወሰዳት። ሐኪሙ ደረቷን ሲያዳምጥ ቆይቶ፣ በማሽንም አይቶ፣ በሕፃንነቷ ይመላለስባት የነበረው የጉሮሮ ሕመም ልቧን እንደጎዳው ነገራቸው። የልቧ በር በደንብ አይገጥምም። በየወሩ መርፌ ትወጋለች፤ ለቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ ወረፋ ይያዝላታል፤ ተራዋ እስኪደርስ ግን ዳገት መውጣት፣ መሮጥ፣ ከባድ ነገር መሸከም የለም።

«ትምህርቷስ?» አለች እናቷ መቅደላዊት።

«ትምህርት ቤቷ ሜዳ ላይ ነው?» አላት ሐኪሙ።

ቤታቸው ጎንደር ቁስቋም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ነው። ቁስቋም ላይ ሜዳ ማን አግኝቶ! ትምህርት ቤት መሄድ ማለት ቁልቁል ወርዶ እንደገና ሽቅብ መውጣት፣ ሲመለሱም ያንኑ መድገም ነው። ባጃጅ እስከ ግማሽ መንገድ ያደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ድንጋይ ነው።

መቅደላዊት ፒያሳ አካባቢ ጠባብ ክፍል ተከራይታ የካህናት ልብስና የሀገር ልብስ ጥልፍ ትሠራ ነበር። ልጇን ቤት ዘግታባት መሄድ አልሆነላትም። የክፍሉን ቁልፍ ለባለቤቱ መልሳ፣ የስፌት መኪናዋን አስጭና ቤት ገባች። «ሥራውን እዚሁ እሠራዋለሁ» ብላ ነበር፤ ነገር ግን ደንበኛ ለአንድ ጥለት ብሎ ያን ሁሉ ዳገት አይወጣም። ዳኛው ደግሞ የሰው አይሱዙ እየነዳ ከጎንደር ደባርቅ እህል ያመላልሳል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። በተዘጋ ጊዜ ዳኛው ማለዳ ተነስቶ ማኪናውን ያጥባል፤ ንጹሕ ማኪና እያጠበ ይውላል።

ትምህርቱ የሚሰጠው በስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ ነበር። የምስጢር የክፍል ኃላፊ መምህርት ጽጌሬዳ አርብ አርብ ከሥራ ስትወጣ እየመጣች የሳምንቱን ትምህርት ለመቅደላዊት ታሳያታለች፤ መቅደላዊት ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ራሷ አጥንታ ሰኞ ለልጇ ታስተምራለች። አሥራ ሁለተኛን ከጨረሰች ስንት ዘመን ሆኗት! ሒሳቡ ከአእምሮዋ ጠፍቶ አሳሯን የምታይበት ቀን ነበር። አንዳንዴ ምስጢር ቀድማት ትደርስበትና «ቆይ እማዬ፣ እኔ ላሳይሽ» ትላለች።

የቤቱ ትምህርት ለመቅደላዊት የገዛ ልጅነቷን መለሰላት። አባቷ መሪጌታ ፍቅረ ማርያም እዚያው ቁስቋም የቅኔ መምህር ነበሩ። ተማሪዎቻቸው «የኔታ» የሚሏቸውን ሰፈሩም «የኔታ» ይላቸው ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር የተማሪ ጎጆዎች ጎን ለጎን ተደርድረው፣ ማለዳ ከየጎጆው ድምፅ ይወጣል፤ አንዱ ዳዊት ይደግማል፣ ሌላው የትናንቱን ቅኔ ያመነዥካል፣ ሦስተኛው በብርድ እየተንቀጠቀጠ ያስላል። ረፋዱ ላይ አኩፋዳቸውን አንግተው፣ ለውሻ ዱላቸውን ይዘው ወደ መንደር ይሰማራሉ። «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለው ልመናቸው ከየደጃፉ ይሰማል። ሲመለሱ ቁራሹን ሁሉ አንድ ሰፌድ ላይ ይዘረግፉታል፤ ማን ስንዴ እንዳመጣ፣ ማን ዳጉሳ እንዳመጣ የሚጠይቅ የለም። ባዶ እጁን ለተመለሰ እናቷ ሽንብራ ይቆሉለታል። የኔታ ቅኔ ሲሰሙ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ቅኔው ደስ ካላቸው አያመሰግኑም፤ ጋቢያቸውን ሳብ አድርገው ትከሻቸው ላይ ያስተካክላሉ። ለተማሪው ግን ከዚያ የበለጠ ምስጋና አልነበረም።

የኔታ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ጎጆዎቹ ፈርሰው፣ የጥቂቶቹ ካብ ብቻ በሣር ተውጦ ይታያል። ተማሪዎቹ ግማሹ ደብር ላይ፣ ግማሹ ገበያ ላይ ተበታትነዋል። እናቷ መንኩሰው እማሆይ ለተ ማርያም ተብለው ከእሷው ጋር ይኖራሉ። ዓይናቸው ቢደክምም የተማሪዎቹን ስም ከነአገራቸው አንድ በአንድ ይጠራሉ።

ጥቅምት ሲገባ ቤቱ እየጠበበ መጣ። መርፌው፣ የባጃጁ፣ መጻሕፍቱ፣ የዕለት ጉርሱ ሁሉ ከአንድ እጅ የሚጠበቅ ሆነ፤ ያ እጅም መንገድ ሲዘጋ ይዘጋል። መቅደላዊት ለችግረኛ ተማሪዎች ድጋፍ ይሰጣል ወደተባለ አንድ ቢሮ ሄደች። ያነጋገራት ወጣት ደግ ሰው ነበር፤ ወንበር ስቦ አስቀመጣት።

«ልጅሽ ትማራለች?» አላት።

«ትማራለች።»

«እንግዲያው ከትምህርት ቤት ‹በመደበኛ እየተከታተለች ነው› የሚል ማስረጃ አምጪ። ደብተርም፣ የደንብ ልብስም፣ ሌላም እንሰጣለን።»

«ቤት ነው የምትማረው። እኔ ነኝ የማስተምራት።»

ወጣቱ ጣቱን ጠረጴዛው ላይ አንኳኳ። «እንደዚያ ከሆነ ‹ትምህርት ያቋረጠች› ነው የምትባለው። ላቋረጡ ሌላ እርዳታ አለን። ወደ ትምህርት ቤት እንመልሳቸዋለን።»

«ልቧ እኮ ዳገት አይችልም፣ ወንድሜ።»

«ገብቶኛል እህቴ። እኔ እኮ እየተረዳሁሽ ነው። ግን የምትማር ነች ብዬ ብጽፍ ማስረጃ የለኝም፤ የማትማር ነች ብዬ ብጽፍ ደግሞ መመለስ አለብኝ። ቤቷ ሆና ለምትማር ልጅ የሚሆን ድጋፍ የለንም።»

ሌላም ቦታ ሞከረች። አንዱ ወላጅ ለሞተባቸው ነው አላት፤ አንዱ ከቀያቸው ለተፈናቀሉ ነው አላት። እቤት ገብታ ስትነግራቸው እማሆይ መቁጠሪያቸውን አቆሙ።

«ምነው እቴ! ከፊደል ቤት የወጣች ልጅ ‹አቋረጠች› ተባለች?» አሉ። ቀጥለውም፣ «ተዪው። ይህ ቤት ይሰጥ ነበር እንጂ ለምኖ አያውቅም» አሏት።

መቅደላዊት ግን አልተወችውም። እማሆይ ከሚጠሯቸው ተማሪዎች አንዱ አላምረው ነበር። እንፍራንዝ ላይ በነጭ ሽንኩርትና በቀይ ሽንኩርት ንግድ ሸጋ ኑሮ ይኖራል ይባላል። አንድ ማለዳ ምስጢርን ለእማሆይ ትታ፣ «የጥልፍ ክር ልገዛ» ብላ ወጣች። የእንፍራንዝ ሚኒባስ ላይ ስትሳፈር ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ጎትታ ነበር፤ የሚያውቃት ሰው የሚያያት መሰላት።

አላምረውን መጋዘኑ ደጃፍ በጆንያ ተከቦ አገኘችው። ሰውነቱ የገዘፈ፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ነው። ሴቶች ዙሪያውን ተቀምጠው የሽንኩርቱን ደረቅ ቅጠል ይቆርጣሉ። አላወቃትም።

«የማን ልጅ ነሽ?» አላት።

«የመሪጌታ ፍቅረ ማርያም።»

አላምረው ቆቡን አወለቀ። ሴቶቹ ቀና ብለው አዩት። ውስጥ አስገብቶ፣ ጆንያ አንጥፎ አስቀመጣት፤ ስለ እማሆይ ጤና ደጋግሞ ጠየቃት። ከዚያ የመጣችበትን ነገረችው። መናገሩ ፈርታው እንደነበረው አልከበዳትም።

«እኔ ያንቺ ቤት ታምሜ መተኛቴን ታውቂያለሽ?» አለ ሰምቶ ሲጨርስ።

«አላውቅም፣ አያ አላምረው።»

«ትንሽ ልጅ ነበርሽ። ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወርጄ ንዳድ ይዞኝ ተመለስኩ። ጎጆዬ ውስጥ እየቃዠሁ ሳለ እናትሽ ‹ይህ ልጅ እዚህ ይሞታል› ብለው ጓዳቸው አስተኙኝ። ክረምቱን ሙሉ። ትምህርቱ አመለጠኝ ብዬ አለቅስ ነበር። የኔታ ጉባኤውን አሰናብተው ሲገቡ በርጩማ ይስቡና ራስጌዬ ይቀመጣሉ። የዕለቱን ሁሉ ለእኔ ለብቻዬ ይደግሙታል። ደክሟቸው ዓይናቸው እየተከደነ። እኔ ቅኔ የቆጠርኩት ተኝቼ ነው።» ሳቅ አለ። «አንቺም ሌላ ተማሪ ነበርሽ። እኛ ስንማር ከወይራው ዛፍ ኋላ ትቀመጪ አልነበር?»

መቅደላዊት ደነገጠች። «ማንም ያየኝ አይመስለኝም ነበር።»

«ሁላችንም እናይሽ ነበር። የኔታ ድምፃቸውን ከፍ የሚያደርጉት ለማን መሰለሽ? እኛማ እግራቸው ሥር ነበርን።»

አላምረው ቀጠለ። የየኔታ ተማሪዎች ማኅበር አላቸው። በየዓመቱ ኅዳር፣ በቁስቋም ክብረ በዓል ማግሥት፣ በሬ አርደው የኔታን ይዘክራሉ፤ ነዳያንን ያበላሉ። ሁለት ዓመት ግን መንገዱ ስላላገናኛቸው ዝክሩ ሳይደረግ ቀርቷል። መዋጮው እሱ ዘንድ ተቀምጧል።

«ከራሴ ኪስ ልሰጥሽ እችል ነበር» አላት። «ግን አንድ ሰው የሰጠው አንድ ቀን ያልቃል። ነገሩን ከማኅበሩ ጋር እንምከርበት። የማኅበሩ ሰብሳቢ መሪጌታ ህሩይ ናቸው፤ ከደባርቅ ወዲያ ድብ ባሕር ነው ያሉት። እማሆይም መፍቀድ አለባቸው።»

«እማሆይ አይፈቅዱም።»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አለ አላምረው፣ ቆቡን እያጠለቀ።

ማታ እቤት ስትገባ እማሆይ ቀና አሉ። «ነጠላሽ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል» አሉ። «እንፍራንዝ ነበርሽ።»

መቅደላዊት መዋሸት አልቻለችም። እማሆይ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው መቁጠሪያቸውን ቀጠሉ። ለብዙ ቀናት ከልጃቸው ጋር ከ«አዎ»ና ከ«አይ» በቀር አልተነጋገሩም። መልእክት ሲኖራቸው በምስጢር በኩል ይልካሉ፤ «እናትሽ ውኃውን ታምጣ በይ» እያሉ፣ እናቲቱ አጠገባቸው ተቀምጣ።

ወርኃ ጽጌ ሊያልቅ ሲል የደባርቅ መንገድ ተከፈተ። ዳኛው ሲመለስ አላምረው አስቀድሞ መልእክት የላከባቸውን መሪጌታ ህሩይን ጋቢና አስቀምጦ ይዟቸው መጣ። በዚያው ቀን አላምረውም ከእንፍራንዝ ደረሰ። ሁለቱም እማሆይን እጅ ነስተው፣ መደቡ ላይ ተቀመጡ። እማሆይ አመጣጣቸውን ስላወቁ ወግ አላስረዘሙም።

«እማሆይ» አለ አላምረው፣ «የየኔታ የዝክር ገንዘብ እኔ ዘንድ ተቀምጧል። እኛ ያሰብነው…»

«ያሰባችሁትን አውቄዋለሁ። አይሆንም።»

«ምነው፣ እማሆይ?»

«ምነው ትለኛለህ? የሙት ዝክር የነዳይ ነው፤ የቤተ ዘመድ አይደለም። የኔታ በቁመተ ሥጋ ሳሉ ተማሪ ለምኖ ካመጣው ቁራሽ ለልጃቸው አንስተው ሰጥተው ያውቃሉ? አንተ ታውቃለህ። ይህች መቅደላዊት እያለቀሰች እንኳ አልሰጧትም። ዛሬ በስማቸው የተዋጣውን ለልጅ ልጃቸው ባበላ፣ ወዲያ ስንገናኝ ምን ልላቸው ነው?»

«እኔን ጓዳ ያስተኛችሁኝ ዘመዳችሁ ሆኜ ነው?»

«ዘመዴ ስላልሆንክ ነው ያስተኛሁህ!» አሉ እማሆይ። «የሰው ልጅ ስለሆንክ።»

መሪጌታ ህሩይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እማሆይ እውነት አላቸው» አሉ። «እኔም የመጣሁት ልቤ ሳይቆርጥ ነው። ነዳያኑ ሁለት ኅዳር ጠብቀው ተመልሰዋል። በሌላ በኩል ደግሞ እኔም አገር ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ የመንደሩን ልጆች ቤቴ ሰብስቤ ፊደልና ቁጥር አስቆጥራለሁ። መጽሐፍ የለ፣ ጠመኔ የለ። የዝክሩ ገንዘብ ለትምህርት ይሁን ከተባለ፣ ለእነሱስ ለምን አይሆንም የሚለኝ ሰው አላጣም።»

መቅደላዊት በሩ ላይ ቆማ መሬት መሬት ታያለች። በዚህ መሀል ምስጢር ከመጋረጃው ወዲያ ብቅ አለች። ልጅ በትልልቅ ሰዎች ወሬ ውስጥ አይገባምና ዳኛው በዓይኑ ገሠጻት፤ እሷ ግን አያቷን ነበር የምታየው።

«እማሆይ፣ ሃና ነዳይ ናት?»

ሃና ከእነሱ ሁለት ቤት ወረድ ብሎ የምትኖር የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ከተወለደች ጀምሮ እግሮቿ አልታዘዝ ብለዋታል። እናቷ እንኳየሁ በየሰው ቤት ልብስ እያጠበች ነው የምታሳድጋት። አንደኛ ክፍልን አዝላ አስተማረቻት፤ ልጅቷ ከበደችና ተወችው። ምስጢር ከሰዓት ከሰዓት ወደዚያ ስትሄድ መቅደላዊት ልትጫወት የምትሄድ ይመስላት ነበር።

«ናት እንጂ» አሉ እማሆይ። «ምን ነው?»

«እኔ የማውቀውን አስተምራታለሁ። ማካፈል ላይ ደርሰናል። በበሩ ስንጥቅ በኩል ነው። እናቷ ሥራ ስትሄድ በሩን ከውጭ ትቆልፈዋለች።»

«ትቆልፈዋለች?»

«ሰው እንዳይገባባት ነው። አሁንም ተቆልፎባታል።»

እማሆይ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሱ። ዳኛው ሊደግፋቸው ሲነሳ በእጃቸው መለሱት። ከደጅ ሲወጡ፣ በካቡ ጥግ እየዳሰሱ ሲወርዱ ሁሉም ተመለከቷቸው። አላምረው ተከትሏቸው ሊሄድ ፈልጎ ተወው። ብዙ ቆዩ። መቅደላዊት ከበራፉ ላይ ሆና እናቷ በተቆለፈው በር ፊት ቁጭ ብለው፣ ፊታቸውን ወደ ስንጥቁ አስጠግተው ሲያወሩ ታያለች። ከውስጥ የምትመልሰው ድምፅ እዚህ አይሰማም።

ሲመለሱ መደቡ ላይ ተቀምጠው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«አሥራ ሁለትን ለሦስት ብታካፍይ ብያት፣ ‹ለእኔ፣ ለእማዬና ለምስጢር አራት አራት› አለችኝ» አሉ። «ምን ታደርጊያለሽ ቀኑን ሙሉ ስላት፣ ‹ምስጢር እስክትመጣ እጠብቃለሁ› አለችኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ ከደጄ ሥር!» በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ስማ አላምረው። አንድ ልጅ ስትሆን ዘመድ ናት። ሁለት ከሆኑ ጉባኤ ናቸው። እንደዚህ ከሆነ እኔም እፈቅዳለሁ። ምስጢርም… ምስጢርም ከነዳያኑ አንዷ ሆና ትቆጠር።»

አላምረው ተነስቶ ጉልበታቸውን ሳመ።

እማሆይ ግን ነገሩን እንዲሁ አልለቀቁትም። በሬው ይቅር፤ ዳቦውና ንፍሮው፣ ጠላውም አይቀርም፤ ሁለት ኅዳር የተመለሰ ሰው ሦስተኛ ኅዳር ሆዱን ይዞ አይመለስም አሉ። የህሩይ ልጆችም አይረሱም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቤት ለሚማር ለማንኛውም ልጅ በሩ አይዘጋ።

የዚያ ዓመት ዝክር በዚህ ዓይነት ሆነ። የየኔታ ተማሪዎች ከበዓሉ ማግሥት ቁስቋም ተሰበሰቡ። ነዳያኑ ዳቦና ንፍሮ በሉ፤ ጠላውም በቃቸው። ከተማሪዎቹ ግን ያልተደሰቱ ነበሩ። ታከለ የሚባል፣ ከሁሉ ቀድሞ ቅኔ የተቀኘ ነው የሚባልለት፣ አሁን ቆላ ድባ አካባቢ እርሻ ያለው ሰው፣ «የኔታን ያህል ሰው በንፍሮ ዘከርናቸው!» ብሎ በግልጽ ተናገረ። አላምረው ሊያስረዳው ሞከረ። ታከለ ምርቃቱን ሳይጠብቅ ሄደ። በሚቀጥለው ዓመትም አልመጣም። እማሆይ እስከ ዛሬ ስሙን ሲጠሩ ያዝናሉ፤ «ወዶ አይደለም፤ የኔታን በጣም ይወድ ነበር» ይላሉ።

ከዚያ ወዲህ ማኅበሩ በየወሩ ለሁለቱ ቤቶች ይልክ ጀመር። እንኳየሁ ከሰው ቤት ሥራዋ ግማሹን ተወች። በሩ ላይ የነበረውን ቁልፍ አንስታ ለእማሆይ ሰጠቻቸው። እማሆይ ምን እንዳደረጉት አይታወቅም። ሃና በማለዳ በእናቷ ጀርባ ትመጣለች፤ ምስጢር ከሰባተኛ ክፍል ትምህርቷ ጋር፣ ሃና ከሁለተኛው ጋር በአንዱ የስፌት ጠረጴዛ ይጋፋሉ። በዓመቱ መጨረሻ ሰውአገኝ የሚባል ዓይኑ በደንብ የማያይለት ልጅ ተጨመረ። ዳኛው ደባርቅ ሲሄድ አላምረው የገዛቸውን መጻሕፍትና ጠመኔ ድብ ባሕር ድረስ ወርዶ ለመሪጌታ ህሩይ ያደርሳል፤ መንገዱ ሲዘጋ መጽሐፉ ማኪናው ላይ ያድራል። አንድ ጊዜ አንድ ካርቶን መጽሐፍ በዝናብ ረጠበ። መቅደላዊትና ልጆቹ ገጽ በገጽ በካውያ አድርቀው ላኩት።

ቀጣዩ ችግር ከሌላ አቅጣጫ መጣ። ምስጢር ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ ክልሉ የሚሰጠው ፈተና አለ። ቤት የተማረ ልጅ በምን ስም ይፈተናል? መምህርት ጽጌሬዳ ወደ ዳይሬክተሩ ብዙ ጊዜ ተመላለሰች። በመጨረሻ፣ የምስጢር ስም ከመዝገቡ እንዳይሰረዝ፣ በየመንፈቁ እየመጣች ከክፍል ጓደኞቿ ጋር እንድትፈተን ተስማማ። «ትማራለች አትማርም የሚለውን ውጤቷ ይንገረን» አለ።

በመንፈቅ ፈተናዎች ቀን ባጃጁ የሚቆምበት ድረስ ይሄዳሉ፤ ከዚያ ዳኛው ምስጢርን አዝሎ ይወጣል። ምስጢር በዚህ በጣም ታፍር ነበር። ቁመቷ አድጓል፤ እግሮቿ በአባቷ ጎን ተንዘልዝለው ይወርዳሉ። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትጥላለች። «አባዬ ቶሎ በል» ትለዋለች። «ቶሎ ብዬማ እኔም ልቤን እታመማለሁ» ይላታል ዳኛው።

የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሰኔ ላይ ነበር። ዝናቡ ቀድሞ ጀምሮ ድንጋዩ ያዳልጣል። ዳኛው ከአንድ ጎረቤት ጋር ሆኖ በወንበር ተሸክመው አወጧት። ፈታኞቹ ምድር ቤት ባለው ክፍል በሩ አጠገብ አስቀመጧት። መቅደላዊትና ዳኛው ከአጥሩ ውጭ ጎማ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ።

«ምን ታስቢያለሽ?» አላት ዳኛው።

«ተማሪዎቹ ከየኔታ ፊት ቅኔ ሊያቀርቡ ሲቆሙ ቃል ይጠፋባቸው ነበር» አለች። «አባቴ አንድም ቀን ‹አትፍራ› ብለው ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም። ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ያኔ ጨካኝ ይመስሉኝ ነበር። ለካ መጠበቁ ነው ከባዱ።»

«አባትሽን ባገኘኋቸው ኖሮ» አለ ዳኛው። ዳኛው ቤቱን በትዳር የተቀላቀለው የኔታ ካረፉ በኋላ ነው።

«ቢያገኙህ በመጀመሪያ ዳዊት ያስደግሙህ ነበር።»

«ያኔ አላገባሽም ነበራ።»

ሳቁ። የመቅደላዊት ሳቅ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ሄዶ ተመለሰ። ዳኛው ኮቱን አውልቆ ከካፊያው ጋረዳት።

ምስጢር ስትወጣ ፊቷ ቀልቶ ነበር። ምን እንደተጠየቀች ሳይሆን፣ አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ «አንቺ ሞተሻል ሲሉ ሰምቼ ነበር» እንዳለቻት ነበር የነገረቻቸው። «ቤት ነኝ አልኳት። ማን ያስተምርሻል ስትለኝ፣ እናቴ አልኳት። አላመነችኝም።»

ውጤቱ ክረምቱ መሀል ላይ ወጣ። ምስጢር አልፋለች፤ እንግሊዝኛዋ እንዳሰበችው አልነበረም፤ ሒሳቧ ከክፍሏ ከፍ ካሉት መሀል ነበር። አላምረው በስልክ ሲሰማ መጋዘኑ ያሉት ሴቶች እልል ሲሉ መቅደላዊት ሰማች። መሪጌታ ህሩይ ከድብ ባሕር ለመደወል መስመር እስኪያገኙ ሳምንት ፈጀባቸው።

የአዲስ አበባው ተራ ገና አልደረሰም። በየወሩ መርፌው አለ። ዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ አለው፤ መቅደላዊት ፊዚክስ ላይ እጅ ሰጥታለች። አላምረው ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ ፈልጎ በሳምንት ሁለት ቀን እንዲመጣ አድርጓል። ልጁ ማስረዳቱን ይችላል፤ ነገር ግን ከእማሆይ ጋር አገር ለአገር ወሬ ሲጀምር ሰዓቱ ይሄዳል። እማሆይ ያልሰለቻቸው ነገር ቢኖር የድሮ ተማሪዎችን መጥራት ነው። ከዋድላ የመጣው፣ ከደምቢያ የመጣው፣ ሳይመረቅ ብርድ የገደለው፣ ቆብ ጭኖ ገዳም የገባው። አሁን አሁን በዚያ ጥሪ መጨረሻ ላይ ሌሎች ስሞች ይከተላሉ፤ ሃና፣ ሰውአገኝ፣ ምስጢር። ስማቸውን ከነአገራቸው ይጠራሉ። ሦስቱም አገራቸው ቁስቋም ነው።